ኤንዞ ፌራሪና የ12ቱ ሲሊንደር ዜማ

በሰሜን ኢጣልያ፣ ከሞዴና ከተማ በስተደቡብ፣ ማራኔሎ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። በዚህች ከተማ የቆየ ልማድ አለ፤ ይኸውም በየትኛውም የዓለም ክፍል በሚደረግ ታላቅ የመኪና እሽቅድምድም ቀዩ የፌራሪ መኪና አንደኛ የወጣ እንደ ሆነ የከተማው ቤተ ክርስቲያን ደወል ይደወላል። ነገሩን የማያውቅ መንገደኛ ሰው የሞተ ወይም ሙሽራ የገባ ሊመስለው ይችላል። የተደወለው ግን ለሞተር ነው። ይህ ለእኛ ድፍረት ቢመስለንም የማራኔሎ ሰዎች እንደ ነውር አይቆጥሩትም፤ ከተማይቱ ስም ያገኘችው፣ ልጆቿም እንጀራ የሚበሉት በዚያ ሞተር ነውና።

ይህን ሞተር ለዓለም ያሰማው ኤንዞ ፌራሪ ነው። ከሞተ ብዙ ዓመት አልፎታል፤ ስሙን ግን መኪና ተሳፍሮ የማያውቅ ልጅ እንኳ ያውቀዋል። ከእኛ መካከል መኪና ለመግዛት የሚያስብ ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ አስቀድሞ የሚጠይቀው ቤንዚን ትፈጃለች ወይ፣ መለዋወጫዋ ይገኛል ወይ፣ ስትሸጥስ ዋጋ ታወጣለች ወይ ብሎ ነው። ድምፅዋን ለመስማት ብሎ የቤት ዋጋ የሚከፍል ሰው አለ ቢሉት ያሾፉበት ይመስለዋል። እንዲህ ያሉ ሰዎች ግን አሉ፤ ብዙዎችም ናቸው። ገንዘባቸውን ተቀብሎ ለራሱ ዓላማ ያዋለው ይህ ሰው ስለ ሆነ ታሪኩን ማወቅ አይከፋም። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኤንዞ በሞዴና ከተማ ፌብሩዋሪ 18 ቀን 1898 ተወለደ። በዚያ ሰሞን በረዶ መንገዱን ዘግቶት ስለ ነበረ አባቱ ልደቱን ያስመዘገበው ከሁለት ቀን በኋላ ነው ይባላል፤ ስለዚህም በመዝገብ ላይ የሰፈረው ፌብሩዋሪ 20 የሚል ነው። አባቱ አልፍሬዶ ለምድር ባቡር የብረት ሥራ የሚሠራበት ወርክሾፕ ነበረው። መኖሪያ ቤታቸው ከወርክሾፑ ጋር የተያያዘ ስለ ነበረ ልጁ ከሕፃንነቱ ጀምሮ የመዶሻ ድምፅ እየሰማ አደገ። በ1908፣ ዕድሜው አሥር ዓመት ሲሆን፣ አባቱ እርሱንና ታላቅ ወንድሙን ይዞ ቦሎኛ ላይ የሚደረገውን የመኪና እሽቅድምድም ሊያሳያቸው ሄደ። በዚያን ቀን ፌሊቼ ናዛሮ የተባለው ዝነኛ ነጂ በፊያት መኪና አሸነፈ። ልጁ ያንን አቧራና ያንን ጩኸት በልቡ ይዞ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ትምህርት አልሆነለትም። በወጣትነቱ ሦስት ነገር ተመኝቶ ነበር፤ የኦፔራ ዘፋኝ ለመሆን፣ የስፖርት ጋዜጠኛ ለመሆንና የእሽቅድምድም ነጂ ለመሆን። ለዘፈኑ ጉሮሮ አላገኘም። ጋዜጠኝነቱ ግን ጀምሮለት ነበር፤ በ1914 ገና በ16 ዓመቱ ስለ አንድ የእግር ኳስ ግጥሚያ የጻፈው ዜና ላ ጋዜታ ዴሎ ስፖርት በሚባለው ታላቅ ጋዜጣ ላይ ወጥቶለታል። በዚያው ቢጸና ኖሮ እኛ የዛሬውን ርእስ ባጣን ነበር።

በ1916 አባቱና ወንድሙ በአንድ ዓመት ውስጥ ተከታትለው ሞቱ። ወርክሾፑ ተዘጋ። በሚከተለው ዓመት ኤንዞ ለጦርነት ተጠርቶ በተራራ መድፈኛ ክፍል ገባ፤ ሥራውም መድፍ ለሚጎትቱ በቅሎዎች ናል መምታት ነበር። በዓለም ላይ ፈጣኑን መኪና የሚሠራው ሰው የመጀመሪያው የመንግሥት ሥራው ይህ መሆኑ ይገርማል። ብዙም ሳይቆይ በጠና ታሞ ለሞት ከተቃረበ በኋላ ከጦሩ ተሰናበተ።

አሁን የምነግራችሁን ነገር ማመልከቻ ይዞ ከቢሮ ቢሮ የዞረ ወጣት ሁሉ ይረዳዋል። በ1918 መጨረሻ ላይ ኤንዞ ከአለቃው የተጻፈለትን የምስክር ወረቀት ይዞ ቶሪኖ ወደሚገኘው የፊያት ፋብሪካ ሄደ። ያነጋገረው መሐንዲስ በጨዋነት አሰናበተው፤ ፋብሪካው ከጦር ሜዳ የተመለሰውን ሁሉ መቅጠር እንደማይችል ነገረው። ክረምት ነበር። ወጣቱ ቫለንቲኖ ወደሚባለው መናፈሻ ሄዶ በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠና አለቀሰ። አባት የለው፣ ወንድም የለው፣ ገንዘብ የለው። አንባቢ ይህን ወንበር አይርሳው፤ እንመለስበታለን።

ከዚያ በኋላ ሚላኖ ውስጥ አንድ አነስተኛ የመኪና ድርጅት ዘንድ በሙከራ ነጂነት ተቀጠረ። በ1919 መወዳደር ጀመረ። በ1920 ወደ አልፋ ሮሜዮ ተዛወረና በዚያው ዓመት በሲሲልያ ደሴት በሚደረገው በታርጋ ፍሎሪዮ ውድድር ሁለተኛ ወጣ። ጎበዝ ነጂ ነበር፤ ከታላላቆቹ ተርታ ግን አልነበረም፤ እርሱም ይህን ከማንም በፊት ያወቀ ይመስለኛል። መኪናውን የሚወድ ነጂ ታላቅ አይሆንም ይባላል፤ ለማሸነፍ መኪናውን ማሰቃየት ያስፈልጋልና።

በ1923 ራቬና አጠገብ በሚገኘው በሳቪዮ አደባባይ አሸንፎ ሳለ የአንድ ሟች ወታደር አባት ከሆኑት ከኮንት ባራካ ጋር ተዋወቀ። ልጃቸው ፍራንቼስኮ ባራካ በአንደኛው የዓለም ጦርነት 34 የጠላት አውሮፕላን የጣለ፣ በ1918ም በውጊያ ላይ የሞተ የኢጣልያ አየር ኀይል ጀግና ነበር። በአውሮፕላኑ ጎን ላይ በኋላ እግሩ ቆሞ የሚዘል ጥቁር ፈረስ ተስሎ ነበር። የልጁ እናት ይህን ፈረስ ለዕድል እንዲሆነው በመኪናው ላይ እንዲያደርገው ለኤንዞ ፈቀዱለት። እርሱም የሞዴና ከተማ ቀለም የሆነውን ቢጫ መደብ ጨመረበትና ከ1932 ጀምሮ በመኪናዎቹ ላይ ለጠፈው። አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው እያለ ጌታውን በፈረሱ ስም ሲጠራ ለኖረ ሕዝብ ይህ ነገር እንግዳ አይደለም። የሞተውን ጀግና ፈረስ ሌላው ወረሰው ማለት ነው።

የኤንዞ እውነተኛ ችሎታ የታየው በ1929 ነው። በዚያ ዓመት በሞዴና ስኩዴሪያ ፌራሪ የተባለ ማኅበር አቋቋመ። ስኩዴሪያ ማለት የፈረስ ጋጣ ማለት ነው። የማኅበሩ አሠራር ቀላል ነበር። በዚያን ዘመን ገንዘብ ያላቸው፣ የእሽቅድምድም መኪናም የገዙ፣ ነገር ግን መካኒክ መቅጠሩ፣ መለዋወጫ መፈለጉ፣ መኪናውን ከከተማ ከተማ ማጓጓዙ ያታከታቸው ብዙ የሀብታም ልጆች ነበሩ። ስኩዴሪያው ይህን ሁሉ ድካም ተሸከመላቸው። ባለቤቱ በውድድሩ ዕለት ጓንቱንና መነጽሩን ይዞ ይመጣል፤ መኪናው ተወልውሎ፣ ቤንዚን ሞልቶለት፣ ሞተሩ ሞቆለት ያገኘዋል። ኤንዞ በዚህ ጊዜ ያወቀው ነገር ዕድሜውን ሙሉ መተዳደሪያው ሆነ፤ ይኸውም ወደ ሞተር ለመቅረብ ብቻ ሲል የተጠየቀውን የሚከፍል ሰው በዓለም ላይ የማይታጣ መሆኑን ነው። ራሱ መወዳደሩን በ1931 ተወ፤ በ1932 መጀመሪያ ላይ ልጁ ዲኖ ተወለደለት።

ማኅበሩ ብዙም ሳይቆይ የአልፋ ሮሜዮ የእሽቅድምድም ክንፍ ሆነ። በጁላይ 1935 ታዚዮ ኑቮላሪ የተባለው አጭር ሰውዬ ያረጀች የአልፋ መኪና እየነዳ በጀርመን ምድር በኑርቡርግሪንግ የጀርመኖቹን መርሴዲስና አውቶ ዩኒየን በፊታቸው አሸነፈ። ለስፖርት ወዳጅ ድንቅ ታሪክ ነው። ለእኛ ግን ያ ዓመት የሚታወሰው በሌላ ነው፤ ከዚህ ድል በኋላ ሦስት ወር ሳይሞላ፣ ኦክቶበር 3 ቀን፣ የሙሶሊኒ ጦር መረብን ተሻግሮ አገራችንን ወረረ። የፋሺስት መንግሥት የመኪናዎቹን ድል ለራሱ ክብር ማሳያ ያደርገው ነበር፤ ኤንዞም ኮሜንዳቶሬ የሚለውን ማዕርግ ያገኘው ከዚያው መንግሥት ነው። የፖለቲካ ሰው አልነበረም ይላሉ ወዳጆቹ። ይሁን እንጂ ማን እንደሚያጨበጭብለት ሳይመርጥ ሥራውን የሚሠራ ሰው እንደ ነበረ መታወቅ አለበት።

በ1939 ከአልፋ ሮሜዮ ተጣልቶ ወጣ። ሲወጣም ለአራት ዓመት በፌራሪ ስም እንዳይወዳደር በውል ታሰረ። በ1940 በሌላ ስም ያሠራቸው ሁለት መኪናዎች ለውድድር ቀርበው ሁለቱም በመንገድ ቀሩ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። በ1943 ወርክሾፑን ከሞዴና ወደ ማራኔሎ አዛወረና የፋብሪካ ማሽን ይሠራ ጀመር፤ በ1944ና በ1945 ሁለት ጊዜ ቦምብ ወደቀበት። ፍርስራሹን ጠግኖ ጦርነቱ እንዳለቀ መሐንዲሱን ጆአኪኖ ኮሎምቦን ጠርቶ አዲስ ሞተር እንዲነድፍለት አዘዘ። ሞተሩ ትንሽ ይሆናል፤ አንድ ሊትር ተኩል ብቻ። ሲሊንደሮቹ ግን 12 ይሆናሉ።

በዚያን ጊዜ ይህ እንደ እብደት ተቆጠረ። አገሩ በፍርስራሽ ተሞልቷል፤ ዳቦ በሰልፍ ነው፤ የሰዉ ምኞት ብስክሌት ማግኘት ነው። ለአንድ ሊትር ተኩል አራት ሲሊንደር ይበቃ ነበር። ኤንዞ ግን በወጣትነቱ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሰሞን፣ የአሜሪካ መኮንኖች ይነዱት የነበረውን ባለ 12 ሲሊንደር ፓካርድ አይቶና ሰምቶ ነበር። ያ ድምፅ ከጆሮው አልወጣም።

ወደ ሞተሩ ውስጥ ገብተን እንየው። ቤንዚንና አየር ተቀላቅሎ በሲሊንደሩ ውስጥ ይታመቃል፤ ካንዴላው እሳት ሲሰጠው ይፈነዳል፤ ፍንዳታው ፒስቶኑን ይገፋል፤ ፒስቶኑም የሞተሩን ዘንግ ያዞራል። እያንዳንዱ ሲሊንደር የሚፈነዳው ዘንጉ ሁለት ጊዜ ሲዞር አንድ ጊዜ ነው። ስለዚህ ባለ 4 ሲሊንደር ሞተር በአንድ ዙር 2 ጊዜ፣ ባለ 12 ሲሊንደር ሞተር 6 ጊዜ ይፈነዳል። እርሳስ የያዘ ተማሪ የቀረውን ራሱ ሊያሰላው ይችላል፤ ተራ ባለ 4 ሲሊንደር የቤት መኪና በደቂቃ 4,500 ጊዜ ሲዞር በሴኮንድ 150 ፍንዳታ ያሰማል። የኤንዞ የመጀመሪያ ሞተር ሙሉ ጉልበቱን የሚሰጠው በደቂቃ 6,800 ዙር ላይ ስለ ነበረ በሴኮንድ 680 ፍንዳታ ያሰማ ነበር። ጆሮ ይህን ለያይቶ መቁጠር አይችልም፤ ሁሉም ተያይዞ አንድ ረጅም ዜማ ይሆንበታል። ዝግ ሲል ከበሮ የነበረው ሲፈጥን ማሲንቆ ይሆናል ማለት ነው። ስድስት ስድስት ሆነው በሁለት ረድፍ የቆሙት ሲሊንደሮች እሳታቸውን በየተራቸው ወደ ማርሚታው ስለሚልኩት ዜማው መንቀጥቀጥ የለበትም፤ ንጹሕ ሆኖ ከፍ እያለ ይሄዳል።

ድምፁ ለጌጥ ብቻ የመጣ አይደለም። ሲሊንደሩ ሲያንስ ፒስቶኑ ይቀልላል፤ የቀለለ ፒስቶን ሳይሰበር በፍጥነት ሊመላለስ ይችላል፤ ፍጥነቱ ሲጨምር ከትንሽ ሞተር ብዙ ጉልበት ይገኛል። የዚያ ሞተር እያንዳንዱ ሲሊንደር የሚይዘው 125 ሴንቲ ሜትር ኩብ ያህል ብቻ ስለ ነበረ መኪናውም 125 ተብሎ ተጠራ፤ ጉልበቱ 118 የፈረስ ጉልበት ነበር። ፋብሪካው እስከ ዘመናችን ድረስ ይህን ልማድ አልተወም፤ በ2024 ያወጣው ባለ 12 ሲሊንደር መኪና በደቂቃ እስከ 9,500 ዙር ይደርሳል።

ማርች 12 ቀን 1947 ኤንዞ ራሱ መሪውን ጨብጦ፣ ገና የላይ ልብሱን ያልለበሰውን መኪና በፋብሪካው በር አውጥቶ በገጠሩ መንገድ ላይ ነዳው። በሜይ 11 መኪናው ፒያቼንዛ ላይ ለውድድር ቀረበ፤ ሲመራ ቆይቶ የቤንዚን ፓምፑ ተበላሸና ቆመ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሮማ ላይ አሸነፈ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ሬይሞን ሶመር የተባለው ፈረንሳዊ ቶሪኖ ላይ፣ በቫለንቲኖ መናፈሻ ውስጥ በተዘጋጀው ውድድር በፌራሪ አንደኛ ወጣ። ኤንዞ ከጭብጨባው መካከል ወጥቶ የዛሬ 29 ዓመት የተቀመጠበትን አግዳሚ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠበት። እንደገና አለቀሰ፤ ራሱ በመጽሐፉ ላይ እንደ ተረከው።

ከዚህ በኋላ ዝናው እንደ ሰደድ እሳት ሆነ። በ1949 ሉዊጂ ኪኔቲ በፈረንሳይ አገር በሌ ማን በሚደረገው የ24 ሰዓት ውድድር ከ22 ሰዓት በላይ ብቻውን ነድቶ አሸነፈ፤ ይኸው ሰው በኋላ በአሜሪካ የፌራሪ አስመጪ ሆኖ የካሊፎርኒያንና የኒው ዮርክን ሀብታሞች ወደ ማራኔሎ መራ። በ1951 ሲልቨርስቶን ላይ ፌራሪ ለመጀመሪያ ጊዜ በዓለም ሻምፒዮና ውድድር አልፋ ሮሜዮን አሸነፈ። ኤንዞ ያን ቀን እናቱን የገደለ ያህል ተሰምቶት ነበር ይባላል።

ለውድድር ግን ገንዘብ ያስፈልጋል። ገንዘቡ የመጣው ከገዢዎች ነው። ሌሎቹ ፋብሪካዎች መኪና ለመሸጥ ሲሉ ይወዳደራሉ፤ ኤንዞ ለመወዳደር ሲል መኪና ይሸጥ ነበር። የቤልጅግ ንጉሥ ሊዮፖልድ፣ የሆላንዱ መስፍን በርናርድ፣ ፊልም ሠሪው ሮቤርቶ ሮሴሊኒ፣ የፊያት ወራሽ የሆነው ጃኒ አኜሊ ሁሉ ደንበኞቹ ነበሩ። ገንዘብ ይዞ መምጣት ብቻውን አይበቃም፤ ደንበኛው ማራኔሎ ድረስ ሄዶ ደጅ ይጠና ነበር። ደጅ መጥናት ለእኛ አዲስ ነገር ባይሆንም መኪና ለመግዛት ደጅ መጥናት ግን የሚያስቅ ነው። መጠበቁ ፍላጎቱን እንደሚያንረው ሽማግሌው በደንብ ያውቅ ነበር።

ኤንዞ ደንበኞቹን በሦስት ይከፍላቸው ነበር። አንደኛው ስፖርተኛው ነው፤ ከታላላቅ ነጂዎች የማላንስ ነኝ ብሎ የሚያምን። ሁለተኛው ሃምሳ ዓመት የሞላው ሰው ነው፤ ሲሠራ ኖሮ ገንዘብ ያጠራቀመና ያለፈውን ወጣትነቱን በገንዘቡ ሊያስመልስ የሚፈልግ። ሦስተኛው ለታይታ የሚገዛው ነው። ሦስተኛውን ዓይነት በየሰፈራችን እናውቀዋለን፤ ፌራሪ ቢያጣ የሞተር ብስክሌቱን ማርሚታ አውልቆ በእኩለ ሌሊት ሕፃን ያስለቅሳል። ለማንኛውም ፈጣሪው ራሱ ከሦስቱም ውስጥ አልነበረም። ለግል ጉዳዩ የሚነዳው ፊያትና ፔዦ ነበር።

ከማራኔሎ ወርክሾፕ የሚሰማው ቋንቋ ለእኛ ጋራዥ ባዕድ አይደለም። ጎማ፣ ማርሽ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ የምንለው ሁሉ የኢጣልያን ቃል ነው። የእኛ መካኒክ ማራኔሎ ቢሄድ በሰላምታ ይቸገር ይሆናል እንጂ ሞተር ሲፈታ አይቸገርም።

በ1956 ቤቱ ውስጥ ታላቅ ሐዘን ገባ። ዲኖ ጡንቻን እያመነመነ በሚገድል በሽታ ለብዙ ዓመት ታሞ ነበር። አባትየው የሞተር ሙከራ እንደሚመዘግብ ሁሉ የልጁን ምግብና የጤናውን ሁኔታ በየቀኑ በደብተር ይመዘግብ ነበር። ልጁ አልጋ ላይ ሆኖ ከመሐንዲሱ ከቪቶሪዮ ያኖ ጋር ስለ አንድ ባለ 6 ሲሊንደር ሞተር ይመካከር ነበር። ጁን 30 ቀን በ24 ዓመቱ ሞተ። ሞተሩ ተሠርቶ ስሙ ወጣለት። አባቱ ከዚያ በኋላ በየማለዳው መቃብሩን ሳይሳለም ወደ ሥራ አይገባም ነበር ይባላል፤ ጥቁር መነጽርም ከዓይኑ አልተለየም። ከሌላ ሴት በ1945 የተወለደ ፒዬሮ የሚባል ልጅ ነበረው፤ በአደባባይ ልጄ ብሎ የተቀበለው ግን ሚስቱ ላውራ በ1978 ከሞተች በኋላ ነው። ፒዬሮ አባቱን አባቴ ብሎ ለመጥራት ይህን ሁሉ ዘመን ጠበቀ።

ወደ ውድድር ሜዳ መሄድ ተወ ማለት ይቻላል። የሰጠው ምክንያት የሚያሳስብ ነው፤ የሠራው ሞተር በውድድር ላይ ሲሰቃይ ማየት አልችልም ይል ነበር ይባላል። ሞተሩ ለሚያዝንለት ሰው በመኪናው ላይ የተቀመጠው ወጣትስ? ጥያቄው የእኔ ብቻ አይደለም፤ መላው ኢጣልያ ጠይቆታል።

በማርች 1957 ኤውጄኒዮ ካስቴሎቲ በሞዴና ሙከራ ላይ ሞተ። በሜይ 12 ሚሌ ሚሊያ የተባለው፣ ከብሬሺያ ተነሥቶ ሮማ ደርሶ የሚመለሰው የ1,600 ኪሎ ሜትር ያህል ውድድር ተደረገ። ውድድሩ በሕዝብ መንገድ ላይ ነው፤ ገበሬው ከነልጆቹ ከመንገዱ ዳር ቆሞ ያያል፤ ሞተሩ ገና ሳይታይ ድምፁ ከሩቅ ሲሰማ ሕፃናቱ ወደ ፊት ይሽቀዳደማሉ። ውድድሩ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ጉዊዲዞሎ በሚባል መንደር አጠገብ አልፎንሶ ዴ ፖርታጎ የተባለው ስፔናዊ መስፍን የሚነዳው ፌራሪ ጎማው ፈነዳ። ዴ ፖርታጎና አብሮት የነበረው ኤድመንድ ኔልሰን ሞቱ፤ ከተመልካቹም ዘጠኝ ሰው ሞተ፤ ከዘጠኙ አምስቱ ሕፃናት ነበሩ። በዚያኑ ቀን ውድድሩን ያሸነፈው ሌላ ፌራሪ ነበር። ሚሌ ሚሊያም ያን ቀን እንደ ውድድር አበቃ።

ኤንዞ ሰው በመግደል ወንጀል ተከሰሰ፤ ነጻ የተባለው በ1961 ነው። በዚህ መካከል በጁላይ 1958 ሉዊጂ ሙሶ በፈረንሳይ፣ በኦገስት ፒተር ኮሊንስ በጀርመን ሞቱ። የቫቲካን ጋዜጣ ኤንዞን ልጆቹን ከሚበላው ከጥንቱ ጣዖት ከሳተርን ጋር አመሳሰለው። በሴፕቴምበር 1961 ሞንዛ ላይ ቮን ትሪፕስ ከ15 ተመልካች ጋር ሞተ፤ በዚያው ውድድር የጓድ ተወዳዳሪው አሜሪካዊው ፊል ሂል የዓለም ሻምፒዮን ሆነ።

በ1962 ባሳተመው መጽሐፍ ኤንዞ ስለ እነዚህ ሙታን ጽፏል። የመጽሐፉ ስም የሚያስፈሩ ደስታዎቼ ማለት ነው። ከእያንዳንዱ አደጋ በኋላ ጥፋቱ ከመኪናው ይሆን እያለ ይጨነቅ እንደ ነበረ ይናገራል። እኔ አምነዋለሁ። ግን ደግሞ በሚቀጥለው እሑድ ሌላ ወጣት እንዳስቀመጠበት አያለሁ፤ ወጣቱም ማንም ሳያስገድደው፣ እንዲያውም ደጅ ጠንቶ እንደ ተቀመጠ አያለሁ። ገዢውም በዚያ መኪና ውስጥ የሚሰማው ድምፅ ከሞት አጠገብ የመጣ ባይሆን ኖሮ ያን ያህል ይከፍልበት ነበር ወይ ብዬ አስባለሁ። ለዚህ መልስ አላገኘሁም።

በ1961 መጨረሻ በሚስቱ ጣልቃ ገብነት የተማረሩ ዋና ዋና ሠራተኞቹ በአንድነት አቤቱታ ቢያቀርቡለት በአንድነት አሰናበታቸው። ከተሰናበቱት አንዱ መሐንዲስ ጆቶ ቢዛሪኒ ነበር። በዚያ ጊዜ ፌሩቾ ላምቦርጊኒ የሚባል ሀብታም የትራክተር ፋብሪካ ባለቤት ፌራሪ ገዝቶ ፍሪሲዮኑ ስላስቸገረው ሄዶ ቢነግረው ሽማግሌው በንቀት መለሰው፤ እንዲህ ብሎ ያወራ የነበረው ራሱ ላምቦርጊኒ ነው። በ1963 የራሱን የስፖርት መኪና ፋብሪካ አቆመ፤ ባለ 12 ሲሊንደር ሞተሩንም የነደፈለት ያ የተባረረው ቢዛሪኒ ነው። በዚያው ዓመት የአሜሪካው ፎርድ ፌራሪን ሊገዛ ተደራድሮ ነበር። ውሉ ሊፈረም ሲል ኤንዞ የእሽቅድምድሙ ሥልጣን ከእጁ እንደሚወጣ አየና ተነሥቶ ሄደ። ፎርድ ቂሙን በሌ ማን ተወጣ፤ ፌራሪ ከ1960 እስከ 1965 ስድስት ጊዜ በተከታታይ ያሸነፈበትን ውድድር ከ1966 እስከ 1969 አራት ጊዜ ወሰደው።

ከእነዚያ ዓመታት የቀረው ሌላው ነገር ጂ.ቲ.ኦ. የሚባለው መኪና ነው። ከ1962 እስከ 1964 የተሠሩት 36 ብቻ ናቸው። በአሜሪካ ዋጋው 18,000 ዶላር ያህል ነበር፤ ገዢውንም ሽማግሌው ራሱ መፍቀድ ነበረበት። በ2018 ከእነዚህ አንዱ ካሊፎርኒያ ውስጥ በሐራጅ ከ48 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጠ። ባለቤቶቹ በየጊዜው ተሰብስበው መኪናዎቹን ያስነሣሉ፤ የሞተሩን ክዳን ከፍተው ዙሪያውን ቆመው ያዳምጣሉ። በዚያ ገንዘብ ሌላ ምን ሊሠራ እንደሚችል መቁጠር ቀላል ነው፤ እኔም ቆጥሬዋለሁ። ሆኖም አንድ ጊዜ የተቀዳ ድምፁን ከሰማሁ በኋላ ቁጥሩን ረስቼው ደግሜ ለመስማት ፈለግሁ፤ ይህን አልክድም።

በ1969 የውድድሩ ወጪ ከአቅም በላይ ሲሆን ኤንዞ የድርጅቱን ግማሽ ሸጠ። የገዛው ፊያት ነው። በ1918 ሊቀጥረው ያልፈቀደው ፋብሪካ ማለት ነው። የእሽቅድምድሙ ሥልጣን ግን እስኪሞት በእጁ እንዲቆይ አስፈረመ።

የቀሩትን ዓመታት በማራኔሎና ከአጠገቡ በ1972 ባሠራው በፊዮራኖ የሙከራ ሜዳ አሳለፈ። አውሮፕላን አይሳፈርም፤ በአሳንሰር አይወጣም፤ ደብዳቤውን የሚፈርመው በሐምራዊ ቀለም ነበር። በጁን 1988 ሊቀ ጳጳሳቱ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ፋብሪካውን ሊጎበኙ ሲመጡ ሊነሣ ስላልቻለ በስልክ ብቻ አነጋገሩት። ኦገስት 14 ቀን በ90 ዓመቱ ሞተ። እንደ ፈቃዱ ሞቱ ለሕዝብ የተነገረው ከተቀበረ በኋላ ነው።

በዚያ ዓመት ከተደረጉት 16 የዓለም ሻምፒዮና ውድድሮች 15ቱን የእንግሊዙ ማክላረን አሸነፈ። ያመለጠው አንዱ ሴፕቴምበር 11 ቀን ሞንዛ ላይ የተደረገው ነው። መሪው አየርተን ሴና ሁለት ዙር ሲቀረው ከሌላ መኪና ጋር ተጋጭቶ ወጣ፤ ጌርሃርድ በርገርና ሚኬሌ አልቦሬቶ በሁለት ፌራሪ ተከታትለው ገቡ፤ ሕዝቡም አጥሩን ጥሶ ሜዳውን ሞላው። እነዚያ ሁለቱ መኪናዎች ግን ባለ 6 ሲሊንደር ነበሩ፤ ፌራሪ ከ1980 ወዲህ በዚህ ሻምፒዮና ባለ 12 ሲሊንደር ይዞ አልቀረበም ነበር። ማርች 26 ቀን 1989 ሪዮ ዴ ዣኔሮ ላይ 12ቱ ሲሊንደር ተመልሰው መጡ። ነጂው እንግሊዛዊው ናይጄል ማንሰል ነበር። በመጀመሪያው ውድድሩ አንደኛ ወጣ።